ቆርቆሮና ጆንያ ላኩልን

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች ውድድር

ጤና ይስጥልን። ልጆቻችሁ ሰሞኑን ካርቶን ማጠራቀም ጀምረው ከሆነ ጉዱ የኛ ነው። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በቡድን ቤት ሊሠሩ ነው።

ሐሳቡን እኛ አላመጣነውም። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ዋሽንግተን ላይ ሶላር ዴካትሎን የሚባል ውድድር ጀመረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰው የሚኖርበትን ሙሉ ቤት ነድፈው ይገነባሉ። ከዚያ ከፀሐይ ባገኙት ኃይል ያበስላሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ቤቱም ከልክ በላይ እንዳይሞቅ ይጠብቃሉ። የሚዳኙት በአሥር ዘርፍ ነው። ውድድሩ አውሮፓና ቻይና ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2019 ሞሮኮም ላይ ተካሂዷል።

እኛ እንደ አቅማችን ነን። ቤቶቹ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ትንሽ ሶላር፣ ባትሪ፣ አምፖልና ቴርሞሜትር ለሁሉም ቡድን እኩል እንሰጣለን። ቤቶቹ ፀሐይ ላይ ይውላሉ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የውስጥ ሙቀታቸው ይለካል። ሲመሽ ደግሞ የማን መብራት ብዙ እንደሚቆይ እናያለን።

የድሬን ሙቀት ለእናንተ አልነግራችሁም። ግን በየት በኩል እንደሚገባ ማየት ሌላ ነገር ነው። እዚህ ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ዋናው ሙቀት የሚመጣው ከጣሪያ ነው። ጠዋት የምሥራቁን፣ ከሰዓት የምዕራቡን ግድግዳ ትመታለች። ስለዚህ ረጅሙ ጎንና መስኮቱ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞሩ ይሻላል። ለሙከራ ሁለት ሳጥን ቆርቆሮ አለበስን። አንዱን ከላይ ኖራ ቀባነው፣ ከሥሩም በጆንያ ኮርኒስ አበጀንለት። ሌላውን እንዳለ ተውነው። ሁለቱም ውስጥ እጇን ያስገባች ልጅ «አቦ ቲቸር፣ ይሄኛውማ ምጣድ ነው!» አለች።

ሶላሩም ራሱ ፀሐይ እንጂ ግለት አይወድም። ሲግል የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። ቆርቆሮው ላይ ከሚለጠፍ ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ ከፍ ብሎ ቢታሰር ይመረጣል። አቧራውም ይጠረግ። ቤታችሁ ሶላር ያላችሁ ይህቺን ያዙልኝ።

ወደ እናንተ ልምጣ። እባካችሁ ገንዘብ አትላኩ። የተገዛ ወይም አናጢ የሠራው ቤት አንቀበልም። የአባቶችን ችሎታ በሳይንስ ኤግዚቢሽኖቻችን ላይ በደንብ አይተነዋል! የምንፈልገው ቁርጥራጭ ቆርቆሮ፣ ጆንያ፣ ጭድና የተረፈ ኖራ ነው። ሐረር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ልጆቹን ጁገል ወስዳችሁ የድሮውን የድንጋይ ቤት አሳዩልን። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቶሎ አያስገባም። የያዘውን ግን ማታ መልሶ ይለቀዋል። ለድሬ ሌሊት ይሄ ይመች እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይከራከሩበት።

አንድ አደራ አለ። አሮጌ የስልክ ባትሪ ለልጆች አትስጡ። ከተበሳ ወይም ከተጣመመ ሊቀጣጠል ይችላል። ቆርቆሮ የሚቆርጠውም መምህር ብቻ ነው።

ሥራው ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት በግቢያችን ነው። የተያያዘውን የፈቃድ ቅጽ ፈርማችሁ እስከ ዓርብ ለክፍል ኃላፊው መምህር ላኩልን። ግንበኛ ወይም ኤሌክትሪሺያን የሆናችሁ ወላጆች ለዳኝነት ስለምንፈልጋችሁ ስልካችሁን ቅጹ ላይ ጻፉ። ምሳ እንኳ አንችልም፣ ሻይ ግን አለ።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህሩ