ሰባት ዓመቱ ለየትኛው ሳምሰንግ ነው?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ስማርት ስልኮች ደህንነት ያወጣችሁትን ንጽጽር ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ሱቄ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሁለተኛ ያየሁት ተቆርጦ፣ ያገለገሉ ስልኮች የሚሸጡበት ሱቅ መስታወት ላይ ተለጥፎ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ሳምሰንግ ለስልኮቹ የ7 ዓመት የደህንነት ማሻሻያ፣ ማለትም የሶፍትዌሩን ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት፣ ይሰጣል የሚለው።

ዓረፍተ ነገሩ ስህተት ነው። በዚህ ስህተት ደግሞ ሰው ከስሯል።

ደሴ ውስጥ ስልክ ስጠግን 11 ዓመቴ ነው። ስክሪን እቀይራለሁ፣ የቻርጅ ቦታ እሠራለሁ፣ ሶፍትዌር እጭናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት ከኩታበር መጡ። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት። የላከችላቸውን ብር አጠራቅመው ያገለገለ ጋላክሲ ኤስ 9 ገዝተዋል። «የኔ ልጅ፣ ይኼ ሰባት ዓመት የሚጠበቅ ነው ብለውኛል። ቴሌብሩን አስገባልኝ፣ ኢሞውንም» አሉኝ። ማን እንዳላቸው ጠየቅኩ። ሻጩ ነው፣ ጋዜጣ አሳይቶ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ቀዩን መስመር ግን አይተውታል።

ስልኩን ተቀብዬ ሴቲንግ ገባሁ። «ስለ ስልኩ» የሚለውን፣ ከዚያ የሶፍትዌር መረጃውን ከፈትኩ። የደህንነት ማሻሻያው ቀን እ.ኤ.አ. 2022 ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ምንም አልገባለትም፤ ከእንግዲህም አይገባለትም። ሳምሰንግ ኤስ 9ን እ.ኤ.አ. በ2018 አወጣ፣ በ2022 አፕዴት መላኩን አቆመ። 4 ዓመት ነው። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? «እማማ፣ ስልኩ ይሠራል። በሩን የሚጠብቀው ዘበኛ ግን ጡረታ ወጥቷል» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ጋዜጣው ዋሸ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ «አብሽር ልጄ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም» ብለው እኔኑ አጽናኑኝ።

አዘጋጅ ሆይ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ሳምሰንግ የ7 ዓመቱን ቃል የገባው እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከወጣው ጋላክሲ ኤስ 24 ጀምሮ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ኤስ 23 እንኳ የተሰጠው 5 ዓመት ነው። ጉግልም 7 ዓመት ያለው በጥቅምት 2023 ካወጣው ፒክስል 8 ወዲህ ላሉት ነው። ዓመቱ የሚቆጠረው ደግሞ ሞዴሉ ገበያ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ እኛ ከገዛንበት ቀን አይደለም። ኤስ 24ን እ.ኤ.አ. በ2028 ያገለገለ የሚገዛ ሰው የሚተርፈው 3 ዓመት ግድም ነው። ወሎ ውስጥ ከካርቶን የወጣ ውድ ስልክ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚገዛው ያገለገለ ነው፣ ወይም ከዓረብ አገር የተላከለት። ስለዚህ ይህች የቆጠራ ነገር ለእናንተ ትንሽ ዝርዝር ልትሆን ትችላለች። ለእኛ ዋናው ነገር እሷ ናት።

አይፎንን አንደኛ ማድረጋችሁን አልቃወምም። ግን እኔ ጋ ለጥገና ብዙ ጊዜ የሚመጣው አይፎን 7 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ አይኦኤስ 15 በሚባለው አሮጌ የአይፎን ሶፍትዌር ላይ የቀረ ስልክ። ሰንጠረዣችሁ ውስጥ ካለው አይፎን ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቀሩት ልምጣ። በሰንጠረዡ 5 ስልኮች አሉ። ቴክኖ የለም፣ ኢቴል የለም፣ ኢንፊኒክስ የለም። ርካሽ ስልኮች ለንጽጽር አይመቹም ትላላችሁ። ለማን ነው የማይመቹት? ከፒያሳ ሸርፍ ተራ ድረስ በእግራችሁ ሂዱ። ሐይቅ ውረዱ፣ ወረኢሉ ውጡ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ግቡ። ሰው ኪስ ውስጥ ያሉት እነዚህ ናቸው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የሰው ገንዘብ ያለው እዚያው ስልክ ውስጥ ነው። የበግ ሽያጩ፣ ደመወዙ፣ ልጅ የላከችው ሁሉ። ብሩ ያለበትን ስልክ ትቶ የስልክ ደህንነት አወዳደርኩ ማለት ምን ማለት ነው?

የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ሴኪዩር-ዲ የተባለ የደህንነት አገልግሎት እና ባዝፊድ ኒውስ ያወጡት ምርመራ አለ። ቴክኖ ደብሊው 2 በሚባል ርካሽ ስልክ ውስጥ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የሚባሉ አደገኛ ሶፍትዌሮች ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ተጭነው ተገኙ። ባለቤቱ ሳያውቅ አገልግሎት እያስመዘገቡ ሒሳቡን ለመብላት የተሠሩ ናቸው። ከ200,000 በሚበልጡ ስልኮች ከ19 ሚሊዮን በላይ አጠራጣሪ ግብይት መመዝገቡን ተናግረዋል። በስም ከተጠሩት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት! አምራቹ ትራንሽን ጥፋቱ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ሌላ ወገን ነው፣ ማስተካከያም ልኬአለሁ ብሏል። ይህንንም መጻፍ ተገቢ ነው። ኤክስሄልፐርን በሙያዬ አውቀዋለሁ። ስልኩን ሪሴት አድርገህ ውስጡ ያለውን ሁሉ ብታጠፋም ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ያለ ታሪክ አገራችን ላይ ተፈጽሞ፣ የስልክ ደህንነት ዘገባችሁ ውስጥ አንድ መስመር አጣ።

ማስተካከያ ተልኳል ቢባልም የሚወርደው በዳታ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ። በእነዚያ ወራት አፕዴት ማን አወረደ? ሰው አፕ ሲፈልግ ከጎረቤቱ በዜንደር፣ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው አፕ፣ ይወስዳል። ኢሞ በዜንደር፣ ቴሌግራም በዜንደር። ከማን እንደመጣ፣ ማን እንደነካካው አይታወቅም። ዘገባችሁ ከፕሌይ ስቶር ውጪ አፕ አትጫኑ ይላል። ትክክል ነው፣ እኔም ለደንበኛ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ግን ዳታ ተቋርጦ ልጇን ያለችበት አገር ማየት የናፈቃት እናት ምን ታድርግ? ሰፈሯ ውስጥ ዋይፋይ ያለው ሰው ጋ ሄዳ ከፕሌይ ስቶር እንድታወርድ መንገር ይቻል ነበር። በዜንደር የገባ የባንክ አፕ ካለ አጥፍታ እንደገና እንድትጭን መንገርም ይቻል ነበር። ምክር ማለት ይህ ነው።

አሻራም እንዲሁ። ከሁሉ የተሻለው ቁልፍ አሻራ ነው ብላችኋል። እኚያ እናት ስልኩን አዙረው ከጀርባው ያለው ማንበቢያ ላይ ጣታቸውን አስቀመጡ። አልያዘም። ጠራርገው ደገሙ፣ በሌላ ጣት ሞከሩ። ያ ጣት ዕድሜ ልኩን ምጣድ ያሰሰ፣ እንጨት የሰበረ ጣት ነው። ጫፉ ልሟል፣ አውራ ጣታቸው ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። አሥር ጊዜ ያህል ሞክረው «በቃ ክፍቱን ይሁን» አሉ። ብዙ እናቶች ስልካቸው ያለ ቁልፍ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ለእሳቸው የሚሆነው ስድስት አሃዝ ያለው ፒን ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ቀን ጥገና ቤት ቁጭ ብሎ መዋል ይበቃል።

ከሁሉ የከነከነኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ዘጋቢያችሁ ዘገባው ከመውጣቱ በፊት ደውሎልኝ ነበር። ደንበኛ አስቁሜ ግማሽ ሰዓት አወራሁት። ስለ ደብሊው 2 ነገርኩት፣ ስለ ዜንደር ነገርኩት። የ7 ዓመቱ ነገር ከኤስ 24 ወዲህ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። «እሺ፣ ይዤዋለሁ» አለኝ። ዘገባው ሲወጣ ከዚያ ሁሉ ወሬ የተረፈው አንድ መስመር ነው፤ በክልል ከተሞች ያሉ ተጠቃሚዎች ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው የሚል። ደሜ ፈላ። ያወቅነውን ነግረናችሁ፣ እናንተ ትታችሁት፣ ተመልሳችሁ አታውቁም አላችሁን። ኩታበር ያሉት እናት ማንበብ ባይችሉም ጠይቀው፣ አጣርተው፣ ተጽፏል የተባለውን አምነው ነው የገዙት። ያላጣራው ጋዜጣው ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው። የ7 ዓመቱ ዓረፍተ ነገር ይታረም፤ እርማቱም ዘገባው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይውጣ። ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ብሩን ከመክፈሉ በፊት ሴቲንግ ገብቶ የደህንነት ማሻሻያውን ቀን እንዲያይ አብራችሁ ጻፉ። ንጽጽሩን ደግሞ ሕዝቡ በያዘው ስልክ እንደገና ሥሩት። ከፈለጋችሁ እኔ ሱቅ ኑና ሥሩ፤ ወንበርም ስልኩም አለ።

ሻጩ ብራቸውን እንዲመልስላቸው ሦስት ጊዜ ሄጄ ለምኜዋለሁ። ጋዜጣው ያለውን ነው የነገርኳቸው ብሎ መስታወቱን ያሳየኛል። ኤስ 9ኙ እስካሁን እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። እኚያ እናት ሰኞ ለገበያ ሲመጡ ብቅ ይላሉ። እርማታችሁ እስከዚያ ከደረሰልኝ ቆርጬ ከቀዩ መስመር ጎን እለጥፈዋለሁ።

የሞባይል ጠጋኝ፣ ከደሴ