ወደ ረጋ ፏፏቴ የምትጋብዙን፣ የመመለሻውን ሰዓትም ንገሩን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የረጋ፣ ማለትም ውርጭ ወደ በረዶ የለወጠው፣ ፏፏቴ ፎቶግራፍ በጋዜጣ ሲወጣ ከሥሩ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የቦታው ውበትና የመንገዱ ርዝመት ብቻ ነው። ደብተርና እርሳስ ይዞ በክረምት ወደ ገደል ለሚወርድ ሰው ይህ አይበቃውም። ክረምት የምለው የዝናቡን ወራት ሳይሆን ውሃ የሚረጋበትን የውርጭ ወቅት ነው። ስለ እግር ጉዞ የሚመክሩ ሰዎች ተጓዡ ሳያቋርጥ የሚራመድ ያህል ይመክራሉ፤ ስለ ንድፍ የሚያስተምሩትም ሠዓሊው የተመቸ ወንበር ላይ እንዳለ አድርገው ነው። በገደሉ ውስጥ ንድፍ የሚሠራ ሰው ግን ላቡ ሳይደርቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ብርዱ የሚይዘውም ያኔ ነው። ስለዚህ የጉዞው ዕቅድ መጀመር ያለበት ከሚቆምባቸው ቦታዎች ነው።

ከሰዓቱ ልነሣ። ርቀት ያታልላል። ካናዳ ውስጥ በባንፍ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው የጆንስተን ካንየን ታችኛው ፏፏቴ ከመነሻው 1.2 ኪሎ ሜትር፣ ላይኛው 2.5 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ቀላል ሽርሽር ይመስለዋል። በብርዱ ወራት ግን ብዙ እግር የረገጠው በረዶ ተጠቅጥቆ እንደ መስታወት ይንሸራተታል። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት ዛሬም ያገለግላል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገት 1 ሰዓት ይጨመራል። ከአፋፉ ወደ ታች በሚወረድበት ሸለቆ ቁልቁለቱ በመሄጃ፣ ዳገቱ በመመለሻ ነው፤ ሰውየው ደክሞትና በርዶት ሳለ ማለት ነው። ፏፏቴው 4 ኪሎ ሜትር ርቆ 300 ሜትር ዝቅ ብሎ ቢገኝ መሄጃው 48 ደቂቃ፣ መመለሻው 78 ደቂቃ ይሆናል። ለበረዶው ግማሹን ሲጨምሩበት 3 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ይመጣል። አሁን ንድፉን ያስገቡ፦ ሁለት አጫጭር ንድፎች በ5 በ5 ደቂቃ፣ አንድ ረጅም በ20 ደቂቃ፣ በሦስቱም ማረፊያዎች ልብስ ለመደረብና ዕቃ ለመሰብሰብ 10 10 ደቂቃ፤ ይህ ሌላ 1 ሰዓት ነው። ፀሐይ ከቀኑ 10፡30 የምትጠልቅ ከሆነና አንድ ሰዓት መጠባበቂያ ከተያዘ፣ ከረፋዱ 5፡20 በኋላ መነሣት አይገባም። ገደሉ ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ ከሜዳው ቀድሞ ስለሚደክም ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የግንባር ባትሪ የግድ ነው፤ በብርድ ሊቲየም ድንጋይ ከተራው አልካላይን የተሻለ ይሠራል።

ስለ በረዶው አደጋ ሲነገር ሁሉም እግሩን ያያል። እግር መፍትሔ አለው፤ ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለ ጥርስ ሰንሰለት ለተጠቀጠቀ መንገድ በቂ ነው፣ ለቀጥ ያለ ግግር ግን አልተሠራም። ይበልጥ የሚያሰጋው ከላይ ያለው ነው። ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በዓለቱ ስንጥቅ የገባው ውሃ ድንጋዩን እየገፋ ያላቅቀዋል፣ ሲቀልጥ ደግሞ ይዞት የነበረውን ይለቀዋል። ስለዚህ አደገኛው ቀን በጣም የቀዘቀዘው ቀን ብቻ አይደለም። ከረጅም ውርጭ በኋላ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ የወጣበት፣ ወይም ፀሐይ የገደሉን አናት የመታችበት ቀንም ያስፈራል። ከተሰቀሉት የበረዶ ሹሎች ላይ ጠብታ መውረድ ከጀመረ፣ ንድፉ ግማሽ ቢሆንም ደብተሩ ይታጠፍ። ለመሳል ቢያንስ የፏፏቴውን ቁመት ያህል ርቆ መቆም ይሻላል፤ ከዚያ ርቀት ቅርጹም ሙሉ ሆኖ ይታያል። ከረጋው ውሃ ጀርባ ያለው ዋሻ የቱንም ያህል ቢያምር አይገባበትም።

ከፏፏቴው ሥር ያለውን ኩሬም ማንም አይርገጠው። ጸጥ ባለ ሐይቅ ላይ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጥርት ያለ በረዶ ሰው ይችላል ይባላል፤ ያ ልክ እዚህ አይሠራም። ከላይ የሚወርደውና ከሥር የሚሮጠው ውሃ በረዶውን ከታች ስለሚበላው፣ አንዱ እርምጃ ላይ የወፈረው ቀጣዩ ላይ ሊሳሳ ይችላል።

አሁን ወደ ማረፊያው። ቦታው ከመድረሱ 10 ደቂቃ ቀድሞ እርምጃን ማዝገምና አንድ ልብስ ማውለቅ ላብ እንዳይጠራቀም ያደርጋል። እንደቆሙ፣ ብርዱ ሳይሰማ በፊት፣ ወፍራሙ ጃኬት ይደረባል። ከሰውነት የሚነካካው ልብስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን፤ ጥጥ እርጥበቱን ይዞ ይቀራል። መቀመጫ 2 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ያስፈልጋል፣ ሲቆሙም ከእግር ሥር ይነጠፋል፤ ድንጋይ ሙቀትን ከአየር በጣም ፈጥኖ ይወስዳልና። ስስ ጓንት ከውስጥ፣ አራቱን ጣት በአንድ ላይ የሚይዘው ወፍራም ጓንት ከላይ፤ ለመሳል የሚወልቀው የላይኛው ብቻ ነው። የውሃ ኮዳው አፈ ሰፊ ሆኖ ተገልብጦ ይያዝ፤ በረዶ ከላይ ስለሚጀምር አፉ ሳይደፈን ይቆያል። ትኩስ ነገር በፔርሙዝ መያዝ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

የእርሳሱ መስመር ያለ ፈቃድ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወይም እርሳሱ ከጣት ደጋግሞ ከወደቀ፣ ሰውነቱ ሙቀት እያጣ ነው። ሠዓሊ ይህን ምልክት ከማንም ቀድሞ ያያል፤ ችላ ማለት የለበትም። ነጭ ሆኖ የደነዘዘ ጣት በበረዶ አይታሽም፣ ብብት ውስጥ ይገባል።

መሣሪያው ትንሽ ይሁን። ግራፋይት አይረጋም፤ እስክሪብቶ ግን ቀለሙ ይወፍርና ይደርቃል። ለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ እና 4ቢ፣ ከቤት ተቀርጸው ሦስት አራት ይያዙ፤ ጓንት አውልቆ መቅረጽ ጣትን ያስከፍላል። በፍንጣሪ በረጠበ ወረቀት ላይ ጠንካራው ኤች እርሳስ ወረቀቱን ይቦጭቃል። ላጲስ በብርድ ስለሚደርቅ የውስጥ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ወረቀቱ 10 በ15 ሳንቲሜትር ያህል ሆኖ በሁለት መቆንጠጫ ይያዝ፤ ትልቅ ወረቀት ሰውን ከሚገባው በላይ ያቆማል። የውሃ ቀለምን በተመለከተ ብዙዎች አልኮል ቀላቅሉበት ይላሉ። እኔ አልመክርም። አልኮሉ ቀድሞ ይተንና የቀረው ውሃ ወረቀቱ ላይ ይረጋል፤ እዚያ ሳለ እንደ አበባ የሚያምር ቅርጽ ቢሠራም ቤት ሲገባ ቀልጦ ይፈሳል። የቀለሙን ስም በኅዳግ ጽፎ ቤት ውስጥ መቀባት ይሻላል።

ሲሳል ከበረዶው መጀመር ስህተት ነው። በመጀመሪያ ጥቁሩ ዓለት ይጠቁር፤ በረዶው ያልተነካው ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ አሠራሩን መረዳት ይረዳል። የሚወርደው ውሃ እየተናወጠ ስለሚቀላቀል መርጋት የሚጀምረው ፍንጣሪው ከሚያርፍባቸው ጠርዞች ነው፤ ከላይ ሹሎች ይወርዳሉ፣ ከታች ጉብታ ያድጋል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ዓምድ ይሆናሉ። በሹሎቹ ጎን 1 ሳንቲሜትር ያህል እየተራራቁ የሚደረደሩ ቀለበቶች አሉ፤ እነሱን በጥቂት አግድም ጭረት ማሳየት ሙሉውን ከማጥቆር የበለጠ በረዶ ያስመስላል። የአየር አረፋ የበዛበት ነጭ፣ ጥቅጥቅና ጥርት ያለው ሰማያዊ ይታያል፤ በረዶ ከብርሃኑ ቀዩን ስለሚውጥ ነው።

ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ደብተሩ በታሰረ ፌስታል ውስጥ ቆይቶ እስኪሞቅ ይጠበቅ። ጤዛው ፌስታሉን ያርሳል፤ ወረቀቱ ይድናል።

ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። የረጋ ፏፏቴ ፎቶ ስታወጡ የተነሣበትን ቀንና ሰዓት፣ ያለፉትን ሦስት ቀናት የሙቀት መጠንና ወደ ኋላ መመለሻውን ሰዓት ጨምሩ። አንባቢዎች የሚልኩትንም ንድፍ ተቀበሉ፤ በኅዳጉ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ዲግሪውና ከስንት ሜትር ርቀት እንደተሳለ ይጻፍበት። የአንድ ፏፏቴ ንድፎች በየሳምንቱ ጎን ለጎን ቢታተሙ፣ በረዶው የቱ ጋ እንደወፈረና የትኛው ዓምድ እንደተሰነጠቀ ቀጣዩ ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት ያየዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ