አባባ፣ ስልኩን ከቁም ሳጥኑ ያውጡት

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቹ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ሜሪላንድ ብርዱ ገብቷል።

እህቴ እሑድ ደውላ ነበር። በሰው የላክኩልዎትን ስልክ ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል አለችኝ። ዋጋውን አጣሪልኝ ብለዋት ፒያሳ ሱቅ ጠይቃ «22 ሺህ ብር ነው» ብላ ነግራዎታለች። እርስዎም «የአምስት ወር ጡረታዬን በኪሴ ይዤ ልዙር?» አሉ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ እርስዎ ጋ ነው። በዚያ አሮጌ ቀፎ ድምፄ ስለሚቆራረጥብዎት መጻፉን መረጥኩ። እህቴ ታነብልዎታለች።

ሬድዮኑ የመጣበት ቀን ትዝ ይለኛል። 1973 ዓ.ም. ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ ሄደው ሲመለሱ፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ጣርማ በርን አልፈው እስከ ደሴ ድረስ፣ በጋቢ ጠቅልለው ጭንዎ ላይ አቅፈውት መጡ። ባለ ሦስት ባንድ፣ ቴፕ ያለው ናሽናል። ዋጋው 310 ብር፣ ደመወዝዎ 285 ብር። እናቴ ለዓመታት ስትደጋግማቸው ስለኖረች ሁለቱም ቁጥሮች ከአእምሮዬ አይጠፉም። እንደዚያም ሆኖ የዳንቴል ልብስ የሠራችለት እሷ ናት።

አመሻሽ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ጆሮዎን አስጠግተው የጀርመን ድምፅን ይሰሙ ነበር። እኛ ልጆቹ መተንፈስም አይፈቀድልንም። ድንጋዩ ሲደክም ደግሞ አውጥተው መስኮቱ ላይ ፀሐይ ያስመቱታል። ዶሮ እንዳይጥለው የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። በ1984 ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ግቢ ነበር። ያ ሬድዮ የእኛ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

አባባ፣ ሒሳብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ በቁጥር ልሟገትዎ።

ሬድዮኑን ሲገዙ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። 310 ብሩን ለ2.07 ያካፍሉት። 150 ዶላር ይመጣል። እኔም ስልኩን የገዛሁት በ150 ዶላር ነው። «የዚያን ጊዜ ዶላርና የዛሬው አንድ ነው ወይ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አይደለም። የያኔው 150 ዶላር ዛሬ ከ500 ዶላር በላይ የሚገዛውን ዕቃ ይገዛ ነበር። እንግዲህ የስልኩ ዋጋ የሬድዮኑን ሲሶ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ውስጡ ግን ሬድዮ አለ፣ ቴፕ አለ፣ ካሜራ አለ፣ ሰዓት፣ ካልኩሌተርና የእጅ ባትሪ አለ። የጀርመን ድምፅንም ያለ ምንም ጩኸት ያሰማዎታል።

እንዴት እንዲህ ረከሰ? ምክንያቱ ትራንዚስተር ነው፤ የኤሌክትሪክ ምልክትን የሚያጎላ፣ እንደ ማብሪያ ማጥፊያም የሚሠራ ትንሽ ዕቃ። በፈረንጆቹ 1954 አሜሪካ ገበያ ላይ የወጣችው ሪጀንሲ የምትባል ትንሽ የትራንዚስተር ሬድዮ የነበሯት ትራንዚስተሮች 4 ብቻ ናቸው። 49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ትሸጥ ነበር። እርስዎ ቁም ሳጥን ውስጥ የቆለፉት ስልክ ውስጥ ጥፍር የምታክል ቺፕ አለች። እሷ ላይ ያሉት ትራንዚስተሮች በቢሊዮን ይቆጠራሉ። ኋላ ቺፕ ሠሪውን ኢንቴልን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ጎርደን ሙር፣ በፈረንጆቹ 1965 አንድ ቺፕ ላይ የሚቀመጠው የትራንዚስተር ቁጥር በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል ብሎ ገመተ። ከአሥር ዓመት በኋላ በየሁለት ዓመቱ ብሎ አረመው። በየሁለት ዓመቱ እጥፍ ከሆነ በ40 ዓመት 20 ጊዜ ይታጠፋል። እስቲ 2ን 20 ጊዜ ጽፈው ያባዙት። ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። ቁጥሩ በበዛ መጠን የእያንዳንዱ ትራንዚስተር ዋጋ እየወረደ መጣ። ይህን ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሠሩት ባይ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ስሌት ልጨምርልዎ። በ1976 ዓ.ም. ሞቶሮላ በእጅ የሚያዝ ሞባይል አሜሪካ ገበያ ላይ ሲያወጣ ዋጋው 3,995 ዶላር ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 8,270 ብር ገደማ ነው። ለ285 ያካፍሉት። የእርስዎ የ29 ወር ደመወዝ! አሥር ሰዓት ያህል ቻርጅ ተደርጎ የሚያናግረውም ግማሽ ሰዓት ነው።

በብር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በ1985 ዶላሩ 5 ብር ሆነ። በ2016 ሐምሌ መግቢያ 57 ብር ገደማ ደርሶ ነበር። በዚያው ወር ወደ ማብቂያው ገደማ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ዕቃው በዓለም እየረከሰ እኛ ቤት ሲደርስ የሚወደደው ለዚህ ነው። ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሲታከልበት 22 ሺህ ቢባል አይገርምም። ስለዚህ መደንገጥዎ እውነትዎን ነው። ሬድዮኑን በአንድ ወር ደመወዝ ጥቂት ጨምረው ገዙት፤ ስልኩ የአምስት ወር ጡረታ ሆነ። ዕድሜዎን ሙሉ ለቆሙበት ሰሌዳ ይህ አይገባዎትም ነበር። እውነቴን ነው፣ ያንገበግበኛል።

ግን አባባ፣ ስልኩ የተገዛው በእርስዎ ጡረታ አይደለም። እኔ በሰዓት 22 ዶላር አገኛለሁ። ግብሩ ሲቀነስ ስልኩ የአንድ ቀን ሥራዬ ነው። ጠዋት ገብቼ ማታ ስወጣ ተገዛ ማለት ነው። እዚህ የሚከብደኝ የቤት ኪራዩ ነው፣ የሕክምና ኢንሹራንሱ ነው፣ የልጆቹ ትምህርት ነው። ስልክና ቴሌቪዥንስ ቀላል ነው።

አንድ ነገር አልክድዎትም። በዕድሜ ሬድዮኑ ይበልጠዋል። ቀበቶው ሲላላ ተቀየረ፣ አንቴናው ሲሰበር ሽቦ አሰሩለት፣ ይኸው ዛሬም ቡፌው ላይ አለ። የስልኩ ባትሪ ውስጡ ተጣብቆ ነው የሚመጣው። በጥቂት ዓመት ይደክማል። ቢቆልፉበትም አይተርፍም፤ ተቀምጦም ያረጃል። እንዳይጎዳ ብለው አስቀምጠውት ከሆነ፣ እየተጎዳ ያለው እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።

በ1992 እዚህ እንደመጣሁ የ5 ዶላር ካርድ እየገዛሁ ስደውል ያስታውሳሉ? ጎረቤት ቤት ደውዬ «አባባን ጥሩልኝ» እላለሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስደግመው እያለከለኩ ይመጣሉ። «ጤና ነህ? እኛ ደህና ነን፣ ገንዘብህን አትጨርስ» ይሉኛል። እናቴ ከኋላዎ «እስቲ እኔን አገናኙኝ» ስትል እሰማለሁ። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ካርዱ ያልቃል። በ1999 ስታርፍ ፊቷን ካየሁ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር። የቀረኝ ድምፅዋ ነበር፤ እሱም በደቂቃ ተቆጥሮ። ያኔ ይህ ስልክ ቢኖር የአንድ ቀን ሥራዬን አይደለም፣ የአንድ ዓመቱን እሰጥ ነበር።

እርስዎን ማየት እፈልጋለሁ አባባ። ስንት ጥርስ እንደቀረዎት፣ ከስተው እንደሆነ፣ መነጽርዎን እንደቀየሩ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እህቴ እርስዎ ጋ ትሆናለች። እዚህ እኩለ ቀን ስለሆነ ልጆቹም ቤት ናቸው። የኢንተርኔት ጥቅሉን እኔ ሞልቼዋለሁ፣ ስለ ካርድ አያስቡ። መብራት ከጠፋ እሑድ በዚያው ሰዓት እደውላለሁ። ቡፌው አጠገብ ይቀመጡና ስልኩን ወደ ሬድዮኑ ያዙሩልን። ትንሿ ልጄ ስለሱ ነግሬያት ካላየሁ ብላለች። የእናቴ ዳንቴል አሁንም ላዩ ላይ አለ?

የሚወድዎትና የሚናፍቅዎት ልጅዎ
ከሜሪላንድ