«ምንም የለውም» ያልኩህ ቀን

ልጄ፣ እንደምን ከረምክ?

የኮቪድ ክትባት ልብን ይጎዳል፣ ዘረመልንም ይቀይራል የሚለውን የላክልኝን ቪዲዮ አየሁት። «አባዬ፣ የልብ ነገር እንዳለው ያኔ ታውቅ ነበር?» ብለሃል። አውቅ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ ነው የምጽፍልህ። አማርኛው ከከበደህ አክስትህ ታንብብልህ፤ እናትህ ግን አትሁን።

ጁላይ 2021፣ ገና 14 ዓመትህ ነው። ለሁለተኛው የፋይዘር ኮቪድ ክትባት ይዤህ ስሄድ መኪና ውስጥ «ምን ያደርገኛል?» አልከኝ። «ምንም የለውም፣ ክንድህን ትንሽ ያምህ ይሆናል» ብዬህ ሬዲዮ ከፈትኩ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ግን በጁን መጨረሻ ስለ ልብ ጡንቻ መቆጣት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። አንብቤዋለሁ። ብነግርህ ትፈራና ትቀራለህ ብዬ ዋጥኩት።

በሦስተኛው ሌሊት የመኝታ ክፍሌ በር ላይ መጥተህ ቆምክ። እጅህ ደረትህ ላይ። እናትህ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበረች። በነጠላ ጫማ ይዤህ ወደ ድንገተኛ ክፍል በረርኩ። የልብ ምት የሚያነበውን ማሽን ሽቦ ሲለጣጥፉብህ ቆሜ የጎድን አጥንትህን እቆጥር ነበር። እሱም ደህና፣ የደም ምርመራውም ደህና። ለካ ቀኑን ሙሉ ከጓደኞችህ ጋር በፑሽ አፕ ስትወራረድ ውለሃል!

ቪዲዮው ግማሹ እውነት ነው። በ2022 የወጣ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ12 እስከ 15 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ሁለተኛው ፋይዘር በተሰጠ በሳምንት ውስጥ የልብ ጡንቻ መቆጣት የታየው ከ1 ሚሊዮን ክትባት በ70 ገደማ ነው። አብዛኞቹ ተሽሏቸዋል። ኮቪድ ራሱም ልብን ይነካል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ለወጣት ወንዶች በሁለቱ ክትባቶች መካከል 8 ሳምንት መቆየት ሊሻል ይችላል አለ። አንተ በ3 ሳምንት ነው የወሰድከው። ይሄ እስካሁን ይከነክነኛል።

«ዘረመልህን ይቀይራል» የሚለው ግን ቀሽም ወሬ ነው። በክትባቱ ውስጥ ያለው ኤምአርኤንኤ የሚባለው ለሕዋስ መመሪያ የሚያደርስ ነገር ዘረመሉ ወዳለበት የሕዋሱ አስኳል አይገባም፤ ሥራውን ጨርሶ በቀናት ውስጥ ይፈራርሳል።

ወደዚያ ቀን ብመለስ አስከትብሃለሁ? አዎ። ከ12 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 2,260 ልጆች በገቡበት የፋይዘር ሙከራ፣ ከሁለተኛው መርፌ ሳምንት በኋላ ኮቪድ የያዛቸው 18 ነበሩ፤ ሁሉም ክትባቱን ያላገኙት ናቸው። ግን ሬዲዮውን ዘግቼ ሁሉንም እነግርህ ነበር።

አሁን 18 ሞልቶሃል። ከዚህ በኋላ መከተብ አለመከተቡን ከሐኪምህ ጋር ተነጋገርበት። ደረትህን ካመመህ ግን ስንት ሰዓትም ቢሆን ደውል።

እናትህ ያን ሌሊት ለሆድ ቁርጠት የሄድን ነው የሚመስላት። እኔ እስክነግራት አደራ።

አባትህ