ደብተርሽ እኔ ጋ ነው

ሚጣዬ፣

ደብተርሽን ፍለጋ ቤቱን አታገላብጪ። እኔ ጋ ነው። ከልብሴ ጋር ተጠቅልሎ ሻንጣዬ ውስጥ ገብቶ ነው የመጣው። ያገኘሁትም ሚሌ ስደርስ ፎጣ ላወጣ ስል ነው። የሒሳብ ደብተር መስሎኝ ነበር። ስገልጠው «ያነበብኳቸው ተረቶችና የተሰማኝ» ይላል። ሳላስፈቅድሽ ማንበቤ ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ይቅርታ። ግን አሁን ጅቡቲ ድንበር ላይ ጋላፊ ነኝ፣ የጭነት መኪናው ሰልፍ ከትናንት ጀምሮ ፈቅ አላለም፣ ጋቢናው በሙቀት ምጣድ ሆኗል፣ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። ሰው እንዲህ ሲሆን የዘይት ጀሪካን ላይ የተጻፈውን ሳይቀር ያነባል።

ይህን በአክስትሽ ስልክ ነው የምልክልሽ። በእቴቴ ስልክ ያላደረግኩት ለምን እንደሆነ ወደታች ስትደርሺ ይገባሻል።

ከአህያዋ፣ ከውሻውና ከፍየሏ ልጀምር፣ እሱ የኔ ሙያ ነው። ሦስቱ መኪና ተሳፈሩ። አህያ ሂሳቧን ከፈለች፣ ለዚህ ነው መሀል አስፋልት ላይ ቆማ ጥሩምባ ብትነፊባት ንቅንቅ የማትለው። ውሻ ከፍሎ መልስ አልተሰጠውም፣ ስለዚህ መኪና ባየ ቁጥር እየጮኸ ያሳድዳል። ፍየል ሳትከፍል ወረደች፣ ዛሬም መኪና ስታይ ትበረግጋለች። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ ምስክሩ እኔ ነኝ። ከሞጆ እስከ አዋሽ ያለችውን አህያ ጠይቂኝ።

አስተማሪሽ «ከተረቱ ምን ተማራችሁ?» ብለው ጠየቁ። አንቺ «ሹፌሩ ሌባ ነው። ሰው ሁሉ በውሻው ይስቃል እንጂ መልሱን ስጠው የሚል የለም» ብለሽ ጻፍሽ። ከሥሩ በቀይ «ከጥያቄው ውጪ» ይላል። ከ10 አራት።

ብቻዬን ስስቅ ረዳቴ ምን ሆንክ ብሎ መጣ። አነበብኩለት። እኔ ወዲያው ሹፌሩን መከላከል ጀመርኩ፤ ሂሳብ የሚሰበስበው ረዳቱ ነው፣ ሹፌር መሪውን ነው የያዘው አልኩ። እሱ ደግሞ ማታ ገንዘቡን የሚረከበው ማነው አለኝ። ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ረዳቴ ምን አለ መሰለሽ? አያቱ ስትነግረው ውሻው የሰጠው ድፍን ብር ነበር፣ ረዳቱም «ዝርዝር የለኝም፣ ስትወርድ» ነው ያለው። ታክሲ የተሳፈረ ሰው ይህን ይረዳል።

እኔም ዝም አልኩ። ለምን መሰለሽ፣ መንጃ ፈቃድ ሳላወጣ ታክሲ ላይ ረዳት ነበርኩ። የስንቱን ስሙኒ «ስትወርዱ» እያልኩ አስቀርቻለሁ። ያን ተረት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ ሰምቼ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ፣ አንድም ቀን ግን ተረቱ ውስጥ እኔ ማን እንደሆንኩ አስቤ አላውቅም። ምናልባት እስከ ዛሬ ውሻ የሚጮህብኝ ለዚህ ይሆናል።

አስተማሪሽን ግን አትቀየሚያቸው። የአንድ ክፍል ልጅ ደብተር ማረም ቀላል አይደለም፣ እሳቸውም የጠየቁት ሌላ ነገር ነበር። በሚቀጥለው የጠየቁሽንም ጻፊ፣ ያንቺንም ጻፊ። ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ያንቺን መልስ በላጲስ አጥፍተሽ በላዩ «ሰው ሂሳቡን በትክክል መክፈል አለበት» ብለሽ ጽፈሻል። እኔ የመጀመሪያውን ያነበብኩት ወረቀቱን ወደ ፀሐይ ይዤ ነው። አታጥፊ! ካስፈለገ ወረቀት ቀጥይ፣ ደብተር እኔ እገዛለሁ።

እኛ በልጅነታችን የተሰማንን የሚጠይቀን አልነበረም። አባባ ተስፋዬ ነበሩን። ተስፋዬ ሳህሉ ናቸው ሙሉ ስማቸው፣ ከ1957 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረው በ2009 ነው ያረፉት። ቴሌቪዥን የነበረው ጎረቤት ቤት ነበር፣ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን መሬት ላይ እንደረደራለን። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች!» ሲሉ ሳጥኑ የሚሰማን መስሎን እየጮህን እንመልስላቸዋለን። እንዴት እንደምንወዳቸው! ግን ተረቱ ካለቀ አለቀ። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ ነው፣ ከዚያ ወደ ቤት። ለምን ብሎ የጠየቀ ልጅ «ክርክር ወዳድ» ይባል ነበር።

ስለ ሦስቱ በሬዎች የጻፍሽው አጭር ነው፣ «ነጩ ሲበላ ቀዩን እንቅልፍ እንዴት ወሰደው?» ብቻ። እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው፣ የትልልቅ ሰዎች ወሬ ነው።

አሁን የአንበሳው ጠጉር።

እናቴ ስትነግረኝ ባሏ የተቀየረባት ሴት ነበረች። ያንቺ መጽሐፍ ላይ እንጀራ እናት ናት፣ እንዲህም ይተረታል። የባሏ ልጅ አልወዳት ይላታል፣ ሽማግሌ ዘንድ ትሄዳለች፣ ከአንበሳ ፊት ሦስት ጠጉር ነቅለሽ አምጪ ይሏታል። በየቀኑ ሥጋ እየያዘች ትንሽ በትንሽ እየቀረበች አንበሳውን ታለምደዋለች፣ ጠጉሩን ትነቅላለች። ሽማግሌውም አንበሳ ያስለመደ ትዕግሥት ለልጅ አያንስም ብለው ይሸኟታል።

አንቺ ሦስት መስመር ጻፍሽ። «አንበሳው ሥጋውን የበላው ርቦት ነው። ልጁን ግን ምን ፈለግክ ብሎ የጠየቀው የለም። አባቱስ የት ነበር?»

እዚህኛው ላይ አስተማሪሽ «ጎበዝ» ብለዋል። እኔ እንኳ ጎበዝ ለማለት አፌ አልተፈታም። ደብተሩን ከድኜ ወርጄ ጎማ ስመታ ቆየሁ፣ ጎማው ምንም አልሆነም።

አባቱማ ጋላፊ ሰልፍ ላይ ነበር፣ ልልሽ አሰብኩ። ቀልድ ነው፣ ግን ግማሹ ቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። እቴቴ ቤታችን የገባች ሰሞን አንድ ማታ አለቀሰች። ምሳ ዕቃሽን ሳትነኪው መልሰሽ ስታመጪ ነው። ያን ተረት የነገርኳት እኔ ነኝ፣ «እንደዚያች ሴትዮ ታገሺ፣ ትለምድሻለች» አልኳት። በማግሥቱ ጭነት ወጥቼ ሄድኩ። እሷ እስከ ዛሬ በየጠዋቱ እንቁላሉን፣ ፍርፍሩን ትቋጥራለች። ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር፣ ነገሩ መስመር ይዟል ብዬ። እሷን አንበሳ ፊት አቆምኳት፣ አንቺን ደግሞ አንበሳ አደረግኩሽ፣ እኔ መሪዬን ይዤ ወጣሁ። አንቺን አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም። እናትሽ ካረፈች ጀምሮ «ደህና ነሽ?» ስልሽ «ደህና» ትያለሽ፣ እኔም እሺ ብዬ መኪናዬን አስነሳለሁ።

እቴቴ ክፉ ሰው አይደለችም፣ አንቺም ክፉ ናት አላልሽም፣ ይህን አይቻለሁ። ርቦት ነው የበላው ብቻ ነው ያልሽው። ስለዚህ ቅዳሜ ስደርስ ሁለታችን ብቻ ወጣ እንላለን፣ ጁስ እንጠጣለን፣ እኔ እጠይቅሻለሁ። ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ። ጽፈሽ ብትሰጪኝም ይሆናል፣ ስትጽፊ ከኔ ትሻያለሽ። ለእቴቴ ስለ ደብተሩ አልነግራትም፣ መንገር የፈለግሽ ቀን አንቺው ትነግሪያታለሽ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ መሰለኝ፣ ከፊት ጥሩምባ እየነፉ ነው። ደብተርሽ ከመቀመጫዬ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የበሬዎቹ ገጽ ላይ ሻይ ፈሶበታል። ያፈሰሰው ረዳቱ ነው፣ እሱ ግን ሹፌሩ ነው ይላል።

አባትሽ