የሰላምና የፍትሕ ክበብ ዘንድሮ ምን ሠራ?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ክበባችን ማንንም ጴንጤ አላደረገም። ዘንድሮ ኩዌከሮች ስለሚባሉት ጦርነትን የሚቃወሙ ክርስቲያኖች እናጠናለን ብለን ስናስታውቅ አንዳንድ ወላጆች ደውለው «መምህር፣ ልጆቻችንን ምን ልታስተምሩብን ነው?» ብለውኛል። መጠየቃቸው ደስ ይለኛል። እኔ ራሴ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። ክበቡ ውስጥ እሑድ እሑድ ቅዳሴ የሚያገለግሉ አሉ፤ ሶላት የማያልፋቸውም አሉ። ሁሉም እንደመጡ ናቸው። ኩዌከሮች ደግሞ እዚህ እንግሊዝ ውስጥ በስብከት የሚታወቁ ሰዎች አይደሉም። አምልኳቸው እንኳ አብዛኛው ዝምታ ነው።

ሁለተኛው ወቀሳ ከበድ ይላል። «አገራችን እየደማች የአውሮፓን ፖለቲካ ምን አስጠናችሁ?» የሚል ነው። ለንደን ያለ ሐበሻ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። የአገር ቤቱን ጉዳይ ክፍል ውስጥ ብናነሳው በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹ ይኳረፋሉ፣ በሁለተኛው ቅዳሜ ወላጆች ይቀጥላሉ። ስለዚህ ሆን ብለን የሌላ ሰው ጠብ መረጥን። መጀመሪያ መከራከር ይልመዱ፤ ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለሳለን።

መደበኛው ሥራ ያው ነው። ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍል በኋላ ተሰብስበናል፣ አንብበናል፣ ፖስተር ለጥፈናል፣ ስለ ክፍሉ ቁልፍ ከጥበቃው ጋር ተጨቃጭቀናል። ይህን ልለፈው።

ኩዌከሮች በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ በጆርጅ ፎክስ ዙሪያ የተነሱ ናቸው። ራሳቸውን «ወዳጆች» ብለው ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1661 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በምንም ምክንያት መሣሪያ አናነሳም ብለው ለንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በጽሑፍ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ አውሮፓ በተጣላች ቁጥር መሃል ሲገቡ ይታያሉ። በ1854 ሦስት ኩዌከሮች የክራይሚያን ጦርነት ለማስቀረት በዚያ በረዶ ሴንት ፒተርስበርግ ድረስ ሄደው ዛር ኒኮላስን ለምነዋል። ዛሩ በአክብሮት ተቀበላቸው። ጦርነቱ ግን አልቀረም። ልጆቹ ይህን ታሪክ ወደውታል። «ታዲያ ምን ፈየዱ?» የሚለው ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ አብሮን የቆየው ከዚህ ተነስቶ ነው።

በጣም የሳቅንበት ቀን የዊልያም ፔን ሸንጎ ነበር። የፔንሲልቬንያው መሥራች ኩዌከሩ ፔን እ.ኤ.አ. በ1693 ባሳተመው ጽሑፍ የአውሮፓ ነገሥታት እንደራሴዎች የሚሰበሰቡበት አንድ ሸንጎ ይቋቋም ብሎ ነበር። ዛሬ ብራስልስና ስትራስቡርግ ያለው ነገር ገና ባልነበረበት ጊዜ ማለት ነው። የድምፁ ብዛት እንደየአገሩ ሀብት ነው። ጀርመን 12፣ ፈረንሳይ 10፣ እንግሊዝ 6። ቱርክና ሩሲያም ቢገቡ መልካም ነው ብሎ ለእያንዳንዳቸው 10 መድቦላቸዋል። ማን ቀድሞ ይግባ፣ ማን ፊት ይቀመጥ በሚል እንዳይጣሉ አዳራሹ ክብ ይሁን፣ በሮቹም ብዙ ይሁኑ ብሏል። የእኛ ክፍል በር አንድ ነው፤ እሱም በደንብ አይዘጋም። ወንበሮቹን ግን ክብ አድርገን፣ አገሮቹንም ተከፋፍለን ተቀመጥን። እንግሊዝ የደረሳት ልጅ 6 ድምፅ ብቻ እንዳላት ስትሰማ «ብሬግዚት!» ብላ ወጣች። አንዱ ደግሞ ፔን ብይን የማይቀበለውን አገር ሌሎቹ ተባብረው ያስገድዱት ማለቱን አንብቦ «በምን ያስገድዱታል? በጸሎት?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ጉብኝቱ ልምጣ። ዩስተን ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ፍሬንድስ ሃውስ የሚባል የብሪታንያ ኩዌከሮች ዋና መሥሪያ ቤት አለ። ብዙዎቻችሁ በአውቶቡስ አልፋችሁታል። እዚያ በፔን ስም የሚጠራ አዳራሽ ነበር። ፔን ግን ባሪያዎችም ነበሩት። በ2021 ስሙን አንስተው ክፍሉን በቤንጃሚን ሌይ ሰየሙት። ሌይ በ18ኛው መቶ ዘመን ባሪያ የሚገዙ ኩዌከሮችን ጉባኤያቸው መሃል ገብቶ ሲያሳፍር የኖረ፣ በዚህም ምክንያት ከማኅበሩ የተባረረ ሰው ነው። አባርረውት ከስንት ዘመን በኋላ በስሙ ክፍል ሰየሙ! ልጆቹ ፔንን ወደውት ስለነበር ትንሽ ደነገጡ። እኔ ግን የዓመቱ ምርጥ የታሪክ ትምህርት ይሄ ነበር እላለሁ።

ግቢው ውስጥ ቤርታ ብሬሲ ለተባለች ኩዌከር ሴት የቆመ መታሰቢያ ቅርጽ አለ። ያስጎበኙን ሴትዮ ታሪኩን ነገሩን። በኅዳር 1938 ናዚዎች የአይሁዶችን ሱቅና ምኩራብ ካቃጠሉ በኋላ ጥቂት ኩዌከሮች በርሊን ሄደው ሁኔታውን በዓይናቸው አዩ። ከዚያም የአይሁድና የኩዌከር ተወካዮች አንድ ላይ ሆነው የእንግሊዝን የአገር ውስጥ ሚኒስትር አነጋገሩ፤ ብሬሲም አብራ ነበረች። በወሩ ልጆች በባቡርና በመርከብ መምጣት ጀመሩ። ጦርነቱ እስኪጀመር ድረስ 10,000 ገደማ ልጆች ገቡ። ወላጆቻቸው አልተፈቀደላቸውም። ብዙዎቹ ልጆች ዳግመኛ አላዩአቸውም።

ከኛ ልጆች አንዱ የፈረንሳይዋን ወደብ ካሌን አቋርጦ ብቻውን የመጣ ነው። ታሪኩ የራሱ ስለሆነ እዚህ አልተርከውም። በክበቡ ስብሰባ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን እጁን አወጣ። «እነዚህ ልጆች ኢንተርቪው ነበረባቸው?» አለ። ሴትዮዋ አልነበረባቸውም አሉት። በፓስፖርትና በቪዛ ፋንታ አንድ መታወቂያ ካርድ ተሰጣቸው፤ ለያንዳንዱ ልጅ ግን የ50 ፓውንድ ዋስትና ይጠየቅ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ገንዘብ ነው፤ ከሰው ተለምኖ ነው የተሰበሰበው። ልጁ ትንሽ አሰበና «እኔን ዕድሜዬን እንኳ አላመኑኝም» አለ። ከዚያ «ካርዱን ማን ነበር የሚሞላላቸው?» ብሎ ጠየቀ። ማን አለቀሰ፣ ማን ፎቶ አነሳ ብሎ ሁሉም ይጠይቃል። ቅጹን ማን እንደሞላ የጠየቀ ግን እሱ ብቻ ነው። ሴትዮዋም በጎ ፈቃደኞች፣ ጸሐፊዎች፣ ቀንና ሌሊት ፋይል የሚያገላብጡ ሰዎች መሆናቸውን አስረዱት። እኔ ወደ መጻሕፍት መሸጫው ገባ ብዬ ዓይኔን ጠራረግሁ።

ያ ልጅ በቀጣዩ ስብሰባችን ጸሐፊ እሆናለሁ አለ። ይህ በኩዌከሮች ዘንድ ቀላል ሥራ አይደለም። ድምፅ አይሰጡም። ጸሐፊው የሁሉንም ሐሳብ አዳምጦ ጉባኤው የደረሰበትን እዚያው ይጽፋል፣ ያነባል፣ ካልተስማሙ ይሰረዛል። እኛም ሞከርነው። ርዕሱ ዩክሬን ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ከ2022 ጀምሮ ለዩክሬን መሣሪያ ገንዘብ ይከፍላል። ኩዌከሮች ደግሞ ገንዘቡ ለሽምግልናና ጠብን ቀድሞ ለማብረድ ይዋል ባዮች ናቸው። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዷ ተነስታ «አድዋ ላይ ዝም ብለን ብንቀመጥስ ኖሮ?» አለች። ሌላው የ1936ቱን ጀኔቭ አስታወሰ፤ የመንግሥታቱ ማኅበር በማውራት ብቻ ምን አተረፈልን አለ። ከወዲያ በኩል ደግሞ አንድ ያነበበ ልጅ መለሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ አንይዝም ያሉ የኩዌከር አምቡላንስ ጓድ ወጣቶች፣ ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው በሕክምና አገልግለዋል አለ። ይህን ከወላጆች ስንቱ ያውቃል? ጸሐፊያችን ሁለት ጊዜ ጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰረዘበት። በመጨረሻ ሁሉም የተቀበለው ቃለ ጉባኤ «አልተስማማንም፤ ግን ማንም አልወጣም» ይላል። የፊደል ግድፈቱን አላረምኩትም።

ያልተሳካልን ብራስልስ ነው። ከ1979 ጀምሮ እዚያ የኩዌከሮች የአውሮፓ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት አለ። በጥቂት ሰው የአውሮፓ ኅብረትንና የአውሮፓ ምክር ቤትን ደጅ ይጠናል፤ ስለ ስደተኞች፣ ስለ ጦር መሣሪያ፣ ሕሊናቸው ውትድርናን ስለማይፈቅድላቸው ሰዎች። ይህ የመጨረሻው ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። አባቶቻቸው ከማያልቅ ውትድርና ያመለጡ ልጆች ክፍላችን ውስጥ አሉ። የስትራስቡርጉ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2011 ውትድርና አልገባም ያለው ባያትያን ከአገሩ ከአርሜንያ ጋር ባደረገው ክርክር ይህን መብት ሲያጸና አስተያየታቸውን ካስገቡት ድርጅቶች አንዱ የኩዌከሮች ዓለም አቀፍ ማኅበር ነበር። እዚህ ላይ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ቆይተናል፤ ልጆቹ ቤት ሄደው አባቶቻቸውን ጠይቀዋል።

ጉዞው የቀረው በሁለት ነገር ነው፤ በገንዘብና በቪዛ። የብሪታንያ ፓስፖርት ያላቸው ልጆች ነገ ባቡር መሳፈር ይችላሉ። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዙት ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ጸሐፊያችንም ከነዚያ አንዱ ነው። ግማሹን ትተን ግማሹን ይዘን እንሂድ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው እንቢ አሉ፤ ይህኛውን ለመወሰን ቃለ ጉባኤው አንዴም አልተሰረዘም።

የባህል ውዝዋዜ ክበብ አዲስ ቀሚስ ሲሰፋለት አልቀናንም። እሺ፣ ትንሽ ቀንተናል። የእግር ኳሱም ማልያ ያምራል። የእኛ ክበብ ዘንድሮ ከበጀት የደረሰው የፎቶኮፒ ወረቀት ነው፤ እሱም በየካቲት አልቋል። የውሃ ማፍያው የኔ ነው። የሰላም ክበብ ፎቶ ላይ አያምርም፤ ልጆች ተቀምጠው ሲያወሩ ነው የሚታየው። ኮሚቴው በሚቀጥለው ዓመት ይህን ቢያስብበት።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የባቡር ቲኬት፤ በሙሉም ሆነ በከፊል የሚችል ወላጅ ስሙን ለጽሕፈት ቤቱ ይስጥ። ሁለተኛ፣ የቪዛ ቅጽ መሙላት የሚያውቅ ሰው፤ ይህኛው ከገንዘቡም ይበልጥብናል። ሦስተኛ፣ በሩን የሚጠግን አናጺ። ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍል በኋላ በላይኛው ፎቅ መጨረሻው ክፍል ነን። ሻይ አለ፤ ስኳር ይዛችሁ ኑ።