ለሚመለከተው ክፍል፦ ድጎማው ለሰው ነው ወይስ ለቆጣሪ?

ክቡር ኃላፊ፣

የመሥሪያ ቤትዎን ስም ከላይ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። ባለፉት አሥራ አራት ወራት በግቢያችን የመብራት ቆጣሪ ጉዳይ አራት ቢሮዎችን ዞሬ አራቱም «እኛን አይመለከትም» ብለውኛል። የሚመለከተው ሰው ራሱን ያውቃል በሚል ተስፋ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ቁጥርና ማኅተም ያረፈባቸው አምስት ማመልከቻዎቼ በአንዱ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ተኝተው ይሆናል። ቅጂያቸው እኔ ጋ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት የመጋዘን ሒሳብ ስይዝ የኖርኩ ጡረተኛ ነኝና ወረቀት አልጥልም።

የምኖረው ከእንጦጦ ግርጌ፣ በአንድ የቀበሌ ቤት ግቢ ውስጥ ነው። በር ስምንት፣ አባወራና እማወራ ስምንት፣ ቆጣሪ አንድ። ቆጣሪው ከውጭው በር በስተግራ ዝናብ እንዳያገኘው በቆርቆሮ ተከልሎ ተሰቅሏል። የተመዘገበው እኔ ወደ ግቢው ከመግባቴ በፊት ባረፉ ሰው ስም ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቢሉ እስከ ዛሬ ድረስ በየወሩ በስማቸው ይመጣል።

እኔ ደግሞ የግቢው ሒሳብ ሹም ነኝ። ሹመቱን ማንም አልሰጠኝም፤ ቁጥር ያውቃል ተብሎ ተጫነብኝ። ባለ ካሬ ደብተር አለኝ። አንድ አምፖል አንድ ነጥብ፣ ራዲዮ ግማሽ፣ ቴሌቪዥን ሁለት፣ ምድጃ አምስት፣ ማቀዝቀዣ ስድስት፣ ምጣድ አሥር። ቢሉ ሲመጣ ብሩን ለነጥቡ አካፍዬ በየበሩ እዞራለሁ። ነጥቡን ያወጣነው ሦስት ምሽት በፈጀ ሽምግልና ነው። ዛሬም ምጣዷን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደምትሰካ በማርያም ስም የምትምልልኝ ጎረቤት አለችኝ፤ ካውያ ደብቆ ሲተኩስ የተያዘም አለ። በደንባችሁ ካየነው ፈቃድ የሌለኝ ኃይል አከፋፋይ ሳልሆን አልቀርም። የሚከሰኝ ቢመጣ በደስታ እቀበለዋለሁ፤ ቢያንስ ግቢያችንን በዓይኑ ያየ አንድ ሹም ይገኛል።

የታሪፉን ነገር ለእርስዎ ማስረዳት ለቄስ ዳዊት እንደማስተማር ነው። ቢሆንም እኛ ደጅ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ልንገርዎ። ከታኅሣሥ 2011 ጀምሮ ለአራት ዓመታት ታሪፉ ደረጃ በደረጃ ሲሻሻል፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ዋጋው ሳይነካ በነበረበት በ27 ሳንቲም ላይ ቀረ። ደግ አደረጋችሁ። ከ500 በላይ ለሚፈጀው ግን ማሻሻያው ሲጠናቀቅ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገባ። ዘጠኝ እጥፍ ነው። ሐሳቡም ግልጽ ነው፤ ድሃው ይደጎም፣ ባለጸጋው ይክፈል። በራዲዮ ስሰማው እኔም «እንዲህ ነው እንጂ» ብዬ ነበር።

እንዲያ ያልኩት ቢሉ እስኪመጣ ነው። ስምንታችን ተደምረን በወር 540፣ 560፣ አንዳንዴም 590 እንፈጃለን። ለስምንት ሲካፈል ለአንድ ቤት 70 ገደማ ይደርሳል፤ በነጥብ ሒሳቤ ደግሞ ከመካከላችን ሦስቱ ቤቶች 50ን ነክተውት አያውቁም። ቆጣሪው ግን በር አይቆጥርም። እርሱ የሚያውቀው ከ500 በላይ የሚፈጅ አንድ ደንበኛን ነው፤ ምናልባትም ሦስት መታጠቢያ ቤትና ሦስት የውኃ ማሞቂያ ያለውን ባለ ፎቅ። ስለዚህ የልብስ አጣቢዋ፣ የጥበቃ ሠራተኛውና የጡረተኛው መብራት በባለ ፎቁ የዋጋ እርከን ይሸጣል። በዚያ ላይ ብዙ በሚፈጀው ቤት ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል፤ ጥቂት የሚፈጀው ነፃ ነው ተባለ። እኛ፣ በቢላችሁ መሠረት፣ ብዙ የምንፈጅ ነን።

በአንጻሩ የአክስቴ ልጅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ደመወዙ ከእኔ የጡረታ አበል ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ምሳውንም እራቱንም ውጭ ይበላል፣ ሸሚዙን ላውንደሪ ያሳጥባል። ፍጆታው በወር 40 አይሞላም። የድሃው ድጎማ የሚደርሰው ለእርሱ ነው። አልመቀኘውም፤ ራሱም ስነግረው አፍሮ ሳቀ።

ከመስከረም 1 ቀን 2017 ወዲህ ደግሞ ታሪፉ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት ከፍ እያለ እንዲሄድ ተወሰነ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዘይቱም ከሰሉም ሲወጣ ያየን ሰዎች ነን፤ መብራቱ ብቻውን ባለበት ይቆማል ብለን አልጠበቅንም። ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ አልኩዎ፤ ትራንስፎርመርና ሽቦ በዶላር እንደሚገዛ አውቃለሁ። ጭማሪው የሚባዛው በማን እርከን ላይ እንደሆነ ግን የሚጠይቅ አጣሁ። በደብተሬ ላይ በየሦስት ወሩ አዲስ መስመር አሰምራለሁ። ክረምትና በጋ እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚፈራረቁት።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወደ ጻፍኩበት ነገር ልምጣ።

በግቢያችን ጥግ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። ንብረታቸው አንድ አምፖል፣ አንድ ራዲዮና አንዲት ትንሽ ምድጃ ነበር። ምድጃዋን ጥር 2017 ላይ መሰካት ተዉና ወደ ከሰል ተመለሱ። የእንጦጦን የጥር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል የሚያመጣውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በእነዚያ ሌሊቶች ተነሥቼ በራቸውን እያንኳኳሁ «እማማ፣ አሉ?» እል ነበር። ራዲዮውንም ወደ ባትሪ ድንጋይ አዛወሩት። ከደብተሬ ላይ የቀራቸው አንድ ነጥብ ብቻ ሆነ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ እማማ በግቢው መካከል ቆመው እልልታውን አቀለጡት። ይገባቸዋል። መጋቢት 2003 የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ በኋላ እኔ የአንድ ወር ደመወዜን ከፋፍዬ በየወሩ እያስቆረጥኩ ቦንድ ስገዛ፣ እርሳቸውም ከዕድራቸው ጋር አዋጥተዋል። 5,150 ሜጋዋት ማለት ስንት አምፖል እንደሆነ ጠየቁኝ። ማባዣው ከአቅሜ በላይ ነው ብዬ ሳቅሁ።

ከዚያ አንድ ወር ተኩል እንኳ ሳይሞላ፣ በጥቅምት፣ የወሩን ሒሳብ ላስከፍል ደብተሬን ይዤ ገባሁ። ከመቀነታቸው የተቋጠረ ብር ፈትተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። ቆጠሩት። ደግመው ቆጠሩት። ከዚያ ቀና ብለው አምፖሉን አዩትና፣

«ልጄ፣ ይህን አውርድልኝና ከደብተርህ አውጣኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ አንድ አምፖል ምን ይፈጃል ብለው ነው? የእርስዎን እኛ እንሸፍናለን» አልኳቸው።

«እስከ መቼ ነው የምትሸፍኑት? በየሦስት ወሩ ይጨምራል አላልከኝም?»

ብያቸዋለሁ። ጋዜጣውን ያነበብኩላቸው እኔው ነኝ። በርጩማቸው ላይ ወጣሁ። ቆጣቢ አምፖል ነው፣ ዐምና እኔው የገዛሁላቸው። ሞቅ ብሎ ስለነበር በነጠላቸው ጫፍ ይዤ ፈታሁት። ክፍሉ ውስጥ የከሰሉ ፍም ብቻ ቀረ፤ ፊታቸው አይታይም፣ ብሩን መልሰው ሲቋጥሩ ግን ይሰማኛል። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ። ምን ስላደረግሁላቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በማግስቱ አምስተኛውን ማመልከቻ ይዤ ሄድኩ። ከዚያ በፊት የነበረውን ጉዞ በአጭሩ ልግለጽልዎ። የመጀመሪያው መስኮት ለእያንዳንዱ ቤት ቆጣሪ እንዲገባ የባለቤትነት ማረጋገጫ አምጡ አለን። ቤቱ የመንግሥት ነው፤ ማረጋገጫው ያለውም መንግሥት ጋ ነው። ወረዳ ሄድን። ወረዳው ደብዳቤ ለመጻፍ ቆጣሪው የተመዘገበበት ሰው መስማማታቸውን በፊርማ እንዲያረጋግጡ ጠየቀ። ሞተዋል አልን። እንግዲያውስ የሞት ማስረጃ። ወራሽ ፍለጋ ሁለት ወር ተንከራትተን ማስረጃውን ይዘን ስንመለስ ያስተናገደን ወጣት ተዛውሯል፤ የተተካችው ደግሞ «ሲስተም የለም» አለችን። ሲስተም በመጣ ቀን ቆጣሪ የለም። ቆጣሪ ይገባል የተባለበት ወር አለፈ፤ «ነገ ይምጡ» የተባልኩበት ነገ ግን ገና አልነጋም።

የኃላፊውን በር አንኳኳሁ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው። የስብሰባው ርእስ በሩ ላይ ተለጥፏል፦ «የደንበኞች እርካታ»። አልቀለድኩም። ቢያንስ በሐሳብ መስጫ ሳጥኑ ልክተተው ብዬ ዞርኩ፤ ሳጥኑ ከመሙላቱ የተነሣ ወረቀቱ በአፉ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ቁልፉ የት እንዳለ ጥበቃውን ብጠይቀው፣ «አባቴ፣ እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ ሲከፈት አላየሁም» አለኝ። በዚያ ቢሮ ውስጥ ያገኘሁት ቀጥተኛ መልስ ያ ብቻ ነው።

ይህ የእኛ ግቢ ብቻ ችግር ቢሆን ኖሮ ባላደከምኩዎ። ከግል አከራይ ቤት የሚኖረውን ይጠይቁ። ምጣድ መሰካት ክልክል፣ ምድጃ በልመና፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ማብሰል በጠብ። አከራዩ ሲወቀስ ቢሉን አውጥቶ ያሳያል፤ እርሱም እውነቱን ነው፣ ተከራይ በጨመረ ቁጥር እርከኑ ይወጣበታል። ድሃ ከድሃ የሚጣላው በአንድ ቆጣሪ ምክንያት ነው።

ኃላፊዎች በቴሌቪዥን በቀረቡ ቁጥር የእኛ ታሪፍ ከጎረቤት አገሮች ርካሽ ነው ይሉናል። እውነት ይሆናል። የጎረቤቶቻችንን የጡረታ አበል ግን አብረው አይነግሩንም።

የምጠይቀው ቅናሽ አይደለም፣ ምጽዋትም አይደለም። ስምንት ቆጣሪ ስጡን። ዕቃው የለም ከተባለም እስኪመጣ ድረስ በቆጣሪው ላይ ያለው አባወራ ይቆጠርና ፍጆታው ለስምንት ተካፍሎ እርከኑ ይሰላልን። ቁጥራችን አይታወቅም እንዳይሉኝ። ወረዳው ስኳርና ዘይት ሲያድል ስምንት አባወራ ብሎ መዝግቦናል። የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ሲሰበሰብ የሚንኳኳው ስምንት በር ነው። ለመዋጮ ስምንት፣ ለመብራት አንድ የምንሆንበትን ሒሳብ እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት አልተማርኩትም።

አምፖሉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከማመልከቻዎቼ ቅጂ ጋር በአንድ መሳቢያ አስቀምጬዋለሁ። በደብተሬ ላይ የእማማ ረድፍ ዜሮ ይላል። ቢል በመጣ ቀን ግን በራቸውን መዝለል አልሆነልኝም፤ በየወሩ ቆሜ እጠራቸዋለሁ፣ እርሳቸውም ከጨለማው ውስጥ «አለሁ» ይሉኛል።

የግቢው ሒሳብ ሹም
ታኅሣሥ 2018
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለቆጣሪው ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማር
ለሐሳብ መስጫ ሳጥኑ፣ ቦታ ሲገኝ